በጨርቅ የተላከከ ሳል

ልብስ ሰፊዋ ሲጋራ ማጨሷን ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ የለም ብላ ታምን ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ተደብቃ አጭሳለች። ጠዋት ሱቋን ከፍታ ደንበኛ ሳይመጣ አንድ፣ ከምሳ በኋላ በጓሮ በር ብቅ ብላ አንድ፣ ከመዝጋቷ በፊት ደግሞ ሁለት፤ ሥራ ሲደራረብባት ቁጥሩ ያሻቅባል። ለዚሁ የለየቻት አሮጌ ካፖርት ነበረቻት። እሷን ደርባ ታጨስና አውልቃ ከጓሮው በር ጀርባ ትሰቅላታለች። ከዚያ እጇን በሎሚ ታሻለች፣ ጥርሷን ትቦርሻለች፣ ቅርንፉድ ታኝካለች። ይህን ሁሉ ጣጣ ለሌላ ነገር ብታውለው ኖሮ ሁለተኛ ሙያ ይወጣት ነበር።

የምትሰፋው የተማሪ ደንብ ልብስ ነው። የሰፈሩ እናቶች በሙሉ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ይመጡባታል፤ "እሷ እኮ ጨዋ ናት" ይላሉ። ሰፈሩ የሚያጨስ ወንድ ሲያይ "ሱስ ሆኖበት ነው፣ ምን ያድርግ" ብሎ ያልፋል። የምታጨስ ሴት ሲያይ ግን አፉን በእጁ ይይዛል። ይህን ስለምታውቅ ነው ካፖርቷን የምትደብቀው።

በዚህ መሃል ሳል መጣ። ደረቅ፣ ቶሎ የማይለቅ ሳል። አንድ ወር ጉንፋን ነው ተባለ፣ ሁለተኛው ወር ብርድ ነው ተባለ። በሦስተኛው ወር ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ባሏ ክንዷን ይዞ ጤና ጣቢያ ወሰዳት።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ቀና ሳትል እየጻፈች ትጠይቃለች።

"ሲጋራ ያጨሳሉ?"

"ኧረ በፍጹም! ምን በወጣኝ!" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ከሚገባው በላይ ጮክ ብላ።

"ቤት ውስጥስ የሚያጨስ አለ?"

"እኔ ጭስ ካየሁ መጀመሪያ ቆጣሪ ነው የምዘጋው" አለ ባሏ። ሐኪሟም ሳቀች።

ቀጥላ ስለ ሥራዋ ጠየቀቻት። ጠባብ ሱቅ፣ አንዲት መስኮት፣ ቀኑን ሙሉ የሚቆረጥ ጨርቅ። ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች። "የጨርቅ ብናኝ ይመስለኛል። መድኃኒቱን ይውሰዱና ለጊዜው ከስፌቱ ይራቁ። ካልተሻለዎት ሥራ መቀየሩን ማሰብ ሊኖርብን ነው።"

ባሏ ነገር ሲይዝ አይለቅም። ገና ከግቢው ሳይወጡ "ማሽኑ ይሸጣል" አለ። "እኔ ሁለት ፈረቃ እሠራለሁ። አንቺ ከምትሞቺብኝ ማሽን ገደል ይግባ።" በሁለተኛው ሳምንት ገዢ አገኘ፤ ቅዳሜ መጥቶ ሊወስደው ተስማሙ። እሷ ምን ትበል? እውነቱን እንዳትናገር ዋሽታለች፤ ዝም እንዳትል ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ እንጀራዋ የሆነው ማሽን ሊሄድ ነው። የገዛ ምላሷ ጠፍሮ አሰራት። ከጭንቀቷ ብዛት በቀን አራት የነበረው ስምንት ገባ።

ሐሙስ ከሰዓት፣ የቀሩትን ትዕዛዞች ስትጨርስ፣ ልጇ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ሱቁ ገባች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ስልኳን ፍለጋ ቦርሳዋን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ስትዘረግፍ፣ ከመጻሕፍቱ መሃል ሮዝ ቀለም ያለው፣ ከከንፈር ቀለም የማይበልጥ ነገር ተንከባለለ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ምንም አይደለም እማዬ።"

"ምንም የሚባል ነገር እኮ ቀለም አይኖረውም። ምንድን ነው አልኩሽ?"

ልጅቷ ትከሻዋን ሰበቀች። "ትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ድንኳን ተክለው በነጻ እየሰጡ ነው። ሙዚቃ አለ፣ ፎቶ ያነሱሻል፣ ስልክ ቁጥርሽን ብቻ ነው የሚመዘግቡት። እንጆሪ እንጆሪ ነው የሚለው። ሲጋራ አይደለም፣ በባትሪ የሚሠራ፣ የሚሳብ እንፋሎት ነው አሉን። ቀላል ነው።"

ቀላል ነው። ልብስ ሰፊዋ ወንበሯን ስባ ቁጭ አለች። እሷም ሲጋራ ስትጀምር አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። በኳስ ሜዳው በር ላይ ነጭ በነጭ የለበሱ ሁለት ቆነጃጅት ቆመው፣ አበባ የተሳለባት ቀጭን የሲጋራ ፓኮ በእጇ አስጨበጧት። "ይሄ እንደ ወንዶቹ አይደለም፤ ቀላል ነው፣ ለዘመናዊ ሴት የተሠራ ነው" አሏት። ጃንጥላም መረቁላት። ያን ክረምት ጃንጥላዋን እያሽከረከረች ስትሄድ ከተማው በሙሉ የሚያያት ይመስላት ነበር።

ለመጮህ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳል ነው። ጠረጴዛውን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳለች። ልጇ ውሃ አመጣችላት፣ ጀርባዋን አሸችላት።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው" አለች ትንፋሿ ሲመለስ።

"አውቃለሁ።"

"ምኑን?"

"ሲጋራውን። ስምንት ዓመቴ ላይ ድብብቆሽ ስጫወት ካፖርትሽ ውስጥ ገብቼ ነበር።"

ልብስ ሰፊዋ ፊቷ ነደደ። "ታዲያ እስከዛሬ ለምን ዝም አልሽኝ?"

"ስታፍሪ ማየት አልፈለግሁም።"

እናትየው ሮዙን ነገር ወደ ራሷ ሳበችው። "ስንቴ ሳብሽበት?"

"ሁለቴ።" ትንሽ ቆይታ፣ "እሺ፣ አምስቴ። ግን አንቺ እያጨስሽ እኔን ልትቆጪኝ ነው?"

"አልቆጣሽም። ምን አፌ ብዬ እቆጣለሁ?" አለችና ስለ ጃንጥላው፣ ስለ ፓኮዋ፣ "ቀላል ነው" ስላሉት ቆነጃጅት ነገረቻት። አንድም ጊዜ "አቆማለሁ" ሳትል የቀረችበት ዓመት እንደሌለ፣ አንድም ጊዜ ከሦስት ቀን በላይ እንዳልዘለቀች ነገረቻት። ልጅቷ ጥፍሯን እየነከሰች ሰማች።

"ለሐኪሟስ ይሄን ነግረሻታል?" አለች መጨረሻ ላይ።

"አልነገርኳትም።"

"እማዬ! አባዬ እኮ ማሽኑን ሊሸጥብሽ ነው!"

ዓርብ ጠዋት ብቻዋን ሄደች። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ሁለት ጊዜ ለመሄድ ተነሳች፤ በሦስተኛው አንዲት ጠና ያለች ነርስ በር ላይ ያዘቻትና "ተራዎ ደርሷል" ብላ አስገባቻት።

"ዶክተር፣ ዋሽቼዎታለሁ" አለች ገና ሳትቀመጥ። "አጨሳለሁ። ከጀመርኩ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነኝ።"

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ልብስ ሰፊዋ ቁጣውን ለመቀበል አንገቷን ደፋች።

"ጥፋቱ የእኔም ነው" አለች ሐኪሟ። "በባለቤትዎ ፊት ባልጠይቅዎት ይሻል ነበር። ሲጀምሩ ስንት ዓመትዎ ነበር?"

"አሥራ ሰባት።"

"እኔ ጋ ከሚመጡት ብዙዎቹ ሃያ ሳይሞላቸው የጀመሩ ናቸው። ሻጮቹ ይሄን አሳምረው ያውቁታል። ልጅ ሆነው አጠመዱዎት፣ ሃፍረቱን ግን ለእርስዎ ጥለውት ሄዱ። እርስዎ ታማሚ ነዎት እንጂ ባለጌ አይደሉም።"

እንዲህ ያለ ነገር ሰው ይነግረኛል ብላ አስባ አታውቅም።

ራጅ ተነሳች። ውጤቱ እስኪመጣ ያለው አንድ ሰዓት ከሃያ ስድስቱ ዓመት ረዘመባት። ልጇን ማን ይድርልኛል ከሚለው ተነስታ የራሷን ቀብር አሰናድታ ጨርሳ ነበር፣ ስሟ ሲጠራ።

"ዕጢ የለም" አለች ሐኪሟ ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቅላ። "የአየር ቧንቧዎ ተቆጥቷል። ብናኙ አባብሶታል፤ ዋናው ግን ጭሱ ነው። አሁን ካቆሙ ብዙው ይመለሳል። ስፌትዎን መተው የለብዎትም፤ መስኮቱን ይክፈቱ፣ አፍዎን ይሸፍኑ።" ቆዳ ላይ የሚለጠፍ የሲጋራ ማቆሚያ መድኃኒት አዘዘችላትና የነርሷን ስልክ ጻፈችላት። "ተሳስተው ቢያጨሱ እንዳይደብቁን። ይደውሉ።"

ልብስ ሰፊዋ ልትወጣ ተነስታ እዚያው ተመልሳ ተቀመጠች። እያለቀሰች ትስቅ ነበር።

ሱቁ ስትደርስ ባሏ ማሽኑን በብርድ ልብስ እየጠቀለለ ነው። እንደቆመች፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሁሉንም ነገረችው። ገመዱን ጣለና ወጣ። በሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ብዙ ቆመ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል።

"እኔ ምንሽ ነበርኩ? ፖሊስ?"

"ትንቀኛለህ ብዬ ፈራሁ።"

"ጥርሷን የሚያማት ሴት ያገባሁ መስሎኝ እኮ ነው ሃያ ዓመት የኖርኩት! ያ ሁሉ ቅርንፉድ! ሁለቴ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ይዤልሽ አልነበር?"

እሷ ቀድማ በሳቅ ፈነዳች፤ እሱም ሊቆጣ ሞክሮ አልሆነለትም። ተቀይሞ ሁለት ቀን በአጭር በአጭሩ መመለሱ አልቀረም፤ ገዢው ጋ ግን ያኔውኑ ደወለ። "ወንድሜ፣ ማሽኑ አይሸጥም። የለም፣ የዋጋ ጉዳይ አይደለም። የማሽኑ ባለቤት ልትድን ነው።"

ማቆሙ እንደ ወሬው አልቀለለም። በዘጠነኛው ቀን ከአንዲት ደንበኛ ጋር ተጨቃጭቃ አንድ አጨሰች። ካፖርቷ ተጥላለች፤ ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ፣ በሥራ ልብሷ ነው ያጨሰችው። ወዲያው ለነርሷ ደወለች።

"አንድ አጨስኩ።"

"እሺ። ነገስ?"

"ነገ አላጨስም።"

"ጎበዝ። ነገ ይደውሉልኝ።"

ልጅቷም የድንኳኑን ሰዎች ቁጥር ከስልኳ ዘጋችና ሮዙን ነገር ለእናቷ አስረከበች። እናትየው ልብስ ሊያስለኩ የሚመጡትን እናቶች አንድ በአንድ "ይሄን ልጅሽ ቦርሳ ውስጥ ፈልጊው" እያለች አሳየቻቸው። "አንቺስ በምን አወቅሽው?" ሲሏት አልደበቀቻቸውም። አንዷ አፏን በእጇ ያዘች፤ ሌላዋ ግን ከሄደች በኋላ ተመልሳ መጥታ "የነርሷን ስልክ ትሰጪኛለሽ?" አለቻት በሹክሹክታ። አሥራ አራት እናቶች ሆነው ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገቡ። ድንኳኑ በሳምንቱ ተነቀለ። ሌላ ትምህርት ቤት አጠገብ ተተክሏል የሚል ወሬ ሲሰማ፣ የዚያ ሰፈር እናቶችም ተነገራቸው።

በአራተኛው ወር ከባሏ ጋር ጨርቅ ልትገዛ ወጣች። አከፋፋዩ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ አሳንሰሩ ደግሞ ተበላሽቷል። በጣቃ ስለምትገዛው ሰማያዊ ጨርቅ እያወራች ወጣች፤ ደረጃው አለቀ፣ ወሬዋ ግን አላለቀም። መልስ ስታጣ ዞር ብላ አየች። ባሏ ሁለት ፎቅ ወደታች መደገፊያውን ይዞ ቆሟል።

"ቆይ እንጂ ሴትዮ!" አለ እያለከለከ። "የሚያጨሰው ማነው፣ እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?"

"ማንም አያጨስም" አለችና ደረጃው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው።