ድፍርስ ውሃ

ባሕሩ ውስጥ ሰውዬው የመጥለቂያ መነጽሩን ከፊቱ መንጭቆ ወደ ላይ ሊፈተለክ ሲል፣ ረዳት ጠላቂዋ እርጥቧ የደረቱን ማሰሪያ ጨምድዳ ያዘችው። የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ግዙፍ፣ ጠዋት ጀልባው ላይ ሁሉንም ሲያስቅ የነበረ። አሁን ዓይኑ ፈጦ እግሩ ያገኘውን ሁሉ ይራገጣል። ከዚያ ጥልቀት እንደ ጥይት ተወርውሮ ቢወጣ ሳንባው አይተርፍም። በአንድ እጇ የአየር መተንፈሻውን አፉ ላይ ደግፋ፣ በሌላው እንዳያመልጣት ቁልቁል እየጎተተች፣ ቀስ ብለው ወጡ።

ጀልባው ላይ ጭብጨባው ቀለጠ።

"ዛሬ እንደገና ተወለድኩ!" አለ የሒሳብ ሠራተኛው በፎጣ ተጠቅልሎ እየተንቀጠቀጠ።

ጥቂት ቆይቶ አለቃዋ ከጀልባው ኋላ ከውሃው ብቅ አሉ። የሰውዬውን ሚስት እጇን ይዘዋል። ሴትዮዋ ትስቃለች።

"ዓሣ አያለሁ ብዬ ዞር ስል ሁላችሁም ጠፋችሁብኝ!"

ሁሉም ሳቁ። እርጥቧ አልሳቀችም። ባልና ሚስቱ ሁለቱም ለእሷ በአደራ የተሰጡ ነበሩ። ባልየውን ስትይዝ አንዴ እንኳ አንገቷን አላዞረችም። ሚስትየዋ እዚያ ታች ብቻዋን ቀርታ፣ አለቃዋ የራሳቸውን እንግዶች ይዘው ሲያልፉ ነው ያገኟት።

"እርጥቧ" ብሎ ስም ያወጣላት ወንድሟ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ፀጉሯ ደርቆ ስለማያውቅ። ስሙ መሥሪያ ቤትም ተከትሏት መጣና ለመደችው። የጠላቂዎች ረዳት ሆና ብዙ ሠርታለች፤ የቀራት አስተማሪ መሆን ነው።

"ከእንግዲህ ረዳት ሆነሽ መቅረት የለም" አሉ አለቃዋ ጀልባው ወደቡን ሲይዝ። "ደሴቱ ላይ የአስተማሪነት ትምህርት ቤት ያለው ወዳጄ ቦታ ይዞልሻል። ዛሬውኑ መልስ ይፈልጋል።"

"ፈተናው ከባድ ነው፣ ጋሼ?"

"ምን ከባድ አለው! እዚያ ገብቶ የወደቀ ሰው አላየሁም።"

ሊያበረታቷት ብለው ነው። እሷ ግን ይሄን ከሰማች በኋላ ልቧ አላርፍ አለ።

ሌላ ቦታም ነበር። ከባሕሩ ርቆ ወደ መሃል አገር ያለ ሐይቅ፤ ቀዝቃዛ፣ ድፍርስ። እዚያ የምታሠለጥነው አንዲት ጠና ያለች ሴት ናት። ግማሹን ሰው ሳታሳልፍ እንደምትመልስ ጠላቂ ሁሉ ያወራል።

ለምሳ ቤት ስትገባ እናቷ ልብስ ያጣጥፋሉ፤ ወንድሟ የተበላሸ የአየር ማራገቢያ ፈታቶ ብሎኑን ይፈልጋል። ነገሩን ቆማ ነገረቻቸው።

"ደሴቱ ይሻላል" አሉ እናቷ። "ውሃው መስታወት ነው አሉ። ብትሰምጪ እንኳ ትታያለሽ።"

"እማዬ፣ ለማጽናናት አንደኛ ነሽ" አለ ወንድሟ።

"ምን ልበል ታዲያ? ጭቃ ውስጥ ማን ፈልጎ ያገኛታል?"

"አንቺስ የቱን ወደድሽ?" አለ ወንድሟ ወደ እርጥቧ ዞሮ።

"እኔንጃ" አለች እርጥቧ። ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ትመላለሳለች።

"በናትሽ ተቀመጪ፤ ቤቱን አዞርሽው!"

አልተቀመጠችም። ስልኳን ይዛ ደረጃው ላይ ወጣችና ወደ ሐይቁ ደወለች። ያነሳችው አሠልጣኟ ራሷ ናት፤ ከወዲያ የሞተር ድምፅ ይሰማል።

"አቤት፣ ማን ልበል?"

"ለአስተማሪነት ሥልጠና ነበር የደወልኩት። የጠላቂዎች ረዳት ነኝ።"

"ጥሩ። የመጨረሻ ስህተትሽ ምንድን ነው?"

እርጥቧ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠበቀችም። "ዛሬ አንድ ሰው ደንግጦብኝ አዳንኩት..."

"እሱን አልጠየቅኩሽም።"

ሞተሩ ጠፋ።

"ሚስቱን ረሳኋት" አለች እርጥቧ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ጆሮዋ ድረስ ጋላት።

"ለሰው ተናገርሽ?"

"አልተናገርኩም። ሁሉም እያመሰገነኝ ነበር።"

"እንግዲህ ስሚኝ፣ ልጄ። የኛ ውሃ የገዛ እጅሽን አያሳይሽም። ሁለት ሰው ይዘሽ ስትገቢ በዓይን አይጠበቁም፤ አንዱን ይዘሽ ሌላውን መዳሰስ አለብሽ። እስክትችዪው ድረስ ደጋግሜ በፈተና እጥልሻለሁ።"

"እንዲህ ከሆነ ማን ይመጣል?"

"ጥቂት ሰው" አለች ሴትዮዋ፤ ድምፅዋ ውስጥ ማባበልም ቁጣም የለም። "አስቢበት።"

ከሰዓት በኋላ ወደ ሱቁ ተመለሰች። አለቃዋ የጠዋቱን ዕቃ በውሃ ጎማ ያጥባሉ።

"ወዳጄ ሁለቴ ደወለ። ምን ልበለው?"

"ያመስግኑልኝ። ወደ ሐይቁ ነው የምሄደው።"

"ወደዚያ ጭቃ? ምን ነክቶሽ ነው?"

"ጠዋት ሚስትየዋን ረስቻት ነበር፣ ጋሼ።"

አለቃዋ ጎማውን ወደ መሬት አዞሩት። ውሃው በእግራቸው መሃል ፈሰሰ።

"አውቃለሁ" አሉ።

እርጥቧ አፈጠጠችባቸው። "አውቀው ነው ዝም ያሉኝ?"

"ሰው ፊት ምን ልበል? ደግሞ እሱም ወጣ፣ እሷም ወጣች። እያንዳንዱን ነገር እያነሳን እንዴት እንሠራለን?"

"ደሴቱ ላይም እንዲሁ ነው የሚሉኝ።"

አለቃዋ ቧንቧውን ዘግተው እጃቸውን በሱሪያቸው አበሱ። የተቀየሙ ይመስላሉ፤ ያፈሩም ይመስላሉ። ከዚያ ሥራ ትዝ እንዳለው ሰው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"በይ እሺ። እስክትሄጂ ድረስ ግን ሥራ አለ። ነገ ሙሽሮች ይመጣሉ፤ ላንቺ ነው የያዝኳቸው።"

"እስክማር ድረስ ሁለት ሰው አልይዝም።"

"ሙሽሮች ናቸው እኮ! ለይቼ ላስገባቸው?"

"እርስዎ ይያዟቸው" አለች እርጥቧ። "እኔ ጀልባው ላይ ሆኜ ዕቃ አቀብላለሁ።"

እስኪከራከሯት አልጠበቀችም። ባዶዎቹን የአየር ሲሊንደሮች አንድ በአንድ አንስታ ወደ መሙያው ክፍል ማስገባት ጀመረች።