እናት ያለሰለሰችው ጽሑፍ

ልብስ ተኳሿ እናት የዩኒቨርሲቲውን ደረጃ የወጣችው ልጇን አጅባ ነበር። ሕግ የምታጠናው ልጇ የመመረቂያ ጽሑፏን ኮምፒውተር ጻፈላት ተብላ ተከሳለች። ይህን ያለው ደግሞ ሰው ሳይሆን ጽሑፍ የሚመረምር ሌላ ኮምፒውተር ነው። ከተረጋገጠባት ትባረራለች።

ጽሑፉ ዳኞች ተከሳሹ በዋስ ይለቀቅ ወይስ ይታሰር የሚለውን ኮምፒውተር ሲጠይቁ በሰው ላይ ስለሚደርሰው ነገር ነበር። እናትየው ፊደል የቆጠረችው በስተርጅና፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው፤ ጉዳዩን ግን አብጠርጥራ ታውቀዋለች። ልጅቷ አንድ ገጽ በጨረሰች ቁጥር ካውያው አጠገብ ቁጭ ብላ ታነብላት ነበር። እናትየው ያልገባት ነገር ሲመጣ ካውያውን ታቆምና፣ ይሄ ለማን ነው የተጻፈው ትላታለች። ልጅቷ እየሳቀች ታቀለዋለች። እንዲህ ሲባል ሲባል ጽሑፉ አንድም እንቅፋት ሳይቀርበት አለቀ።

ክሱ የሚታይበት ክፍል በር ላይ ልጅቷ እጇን ያዘቻት። ካልጠየቁሽ እንዳትናገሪ ብላ አደራ አለቻት፤ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም የምትይኝ አንቺ አይደለሽ ብላም ቀለደች።

ውስጥ ሦስት መምህራን ተቀምጠዋል። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ ተማሪ እንዲህ አይጽፍም፣ ከላይ እስከ ታች ልክክ ያለ ነው፣ ኮምፒውተሩም የጠረጠረው በዚሁ ነው አሉ። ልጅቷ ልትመልስ ስትል ተንተባተበች። ይኼኔ የእናትየው አንጀት አልችል አለ።

«እኔ ነኝ ያለሰለስኩት፣ የኔ እመቤት» አለች ብድግ ብላ። «የማይገባኝን አውጪልኝ እያልኩ። መጀመሪያማ ልክ እንደናንተው ነበር የምትጽፈው።»

አንደኛው መምህር ሳቁን በእጁ ሸፈነ። ሰብሳቢዋ አልሳቁም።

«ስለዚህ ረዳት ነበራት ማለት ነው?»

እናትየው ቅንድብ ስትኩል ዓይን ያጠፋች መሰላት። ወደ ልጇ ብታይ፣ ልጅቷ መሬት መሬት ታያለች።

ውጭ አቆይተው ጠሯቸው። ኮምፒውተር ጽፎታል የሚለው ክስ ተነሥቷል። ግን ሌላ ሰው እንዳገዛት ሳታሳውቅ ስላቀረበችው ጽሑፉ አይያዝላትም፤ ለከርሞ አዲስ ጽፋ ትመጣለች። ዘንድሮ አትመረቅም።

ደረጃውን ሲወርዱ ልጅቷ ቀደመች። እናትየው ቦርሳዋን ታቅፋ፣ ምላሴን በቆረጠው እያለች በልቧ ተከተለቻት።

«ተቀየምሽኝ?»

«አላባረሩኝም እኮ፣ እማ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ።»

ልጅቷ ቆም አለች፤ ዞር ግን አላለችም።

«አሁን አትጠይቂኝ» አለችና መውረዷን ቀጠለች።

እናትየው የደረጃውን ብረት ይዛ ቀረች። ፈጥና ብትደርስባት ትቆጣ ይሆናል፤ ብትዘገይ ደግሞ ትርቅባታለች። እግሯን ማንሳት አቃታት።