ስም ያልተለጠፈበት ሳህን

ዶሊና ሳህኑን ከነስኮኑ ከራሷ በላይ አንስታ ታቹን አየች። ምንም የለም።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለች የአክስቷ ልጅ ሹናግ፣ በጓዳው በር አንገቷን አስግጋ። "ባልሽ ሳሎን ተጋድሞ አንቺ የሳህን ቂጥ ታያለሽ?"

"ስም የለውም።"

በዚያ ደሴት ሬሳ ሦስት ቀን ቤት ይቆያል፤ ለቅሶ ቤት ባዶ እጇን የምትመጣ ሴት የለችም። ቤቷ የጋገረችውን ስኮን፣ ያቺን ድቡልቡል ትንሽ ዳቦ፣ ይዛ ትመጣለች፤ ሳህኗ እንዳይጠፋባትም ስሟን ጽፋ ከታቹ ትለጥፋለች። ስም የሌለው ሳህን አባቱ እንዳልታወቀ ልጅ ነው፤ ሁሉ ሰው ያየዋል፣ ማንም አይጠይቅም።

ዶሊና ከስኮኑ ቆረሰች። እንደ ማንኛውም ስኮን በአሬራና በሶዳ ተለውሶ በብረት ምጣድ የተጋገረ ነው። ግን ጥርስ ሳይነካው ቀለጠ። ሽታውን ታውቀዋለች። ባሏ ፊንሌ ማክሰኞ ማክሰኞ ይሄንን ይሸት ነበር።

ስድስት ዓመት ሙሉ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ "በጎቼን ልይ" ብሎ ይወጣል። በጎቹ ሰባት ናቸው። ሰባት በግ አንድ በአንድ እየጨበጡ ሰላም ቢሏቸው እንኳ አራት ሰዓት አይፈጅም። አንድ ቀን እጅጌው ነጭ ሆኖ መጣ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"የበግ መድኃኒት።"

ሸሚዙን አውልቆ ፊቱን ሲታጠብ ጠብቃ፣ መርዝም ከሆነ ልሙት ብላ እጅጌውን ላሰችው። አልሞተችም። ዱቄት ነበር።

አልጠየቀችውም። ፊንሌን ማን ይጠይቃል? ዓሣ ነባሪ ጀልባው ዘንድ ቀርቦ "ጋዜጣ ይዘሃል?" አለኝ ብሎ ቄሱን ሳይቀር ያሳመነ ሰው ነው። ውሸቱ ስለሚጥም እውነቱን ለመስማት የሚቸኩል አልነበረም። እሷ የጋገረችውንም በየቀኑ አራት አራት ይበላና "ዶሊና፣ ያንቺ ስኮን ዕድሜ አለው!" ይላት ነበር። ታዲያ ቤቱ እየጠገበ ውጭ ምን ፈለገ?

ለቀስተኛው በተውሶ ወንበር ተደርድሮ ሻይ ይጠጣል፤ ሳሎን ዳዊት ይደገማል። ዶሊና አላለቀሰችም። የሴቶቹን እጅ ታያለች።

"እንዲህ የቀለለ እጅ ያላት ማሬድ ብቻ ናት" አለች ሹናግ በሹክሹክታ። "የፖስታ ቤቷ ማሬድ። ባሏ ከሞተ ስምንት ዓመቱ። ደግሞ አለቃቀሷን እያየሽ ነው? አንቺ ነሽ እሷ ናት ባል የሞተባት?"

በሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ በጓሮ በኩል ባለው መስኮት ደፍ ላይ ሌላ ስም የለሽ ሳህን ተቀምጦ ተገኘ። ዶሊና ማሬድን አስጠራቻት።

"እንግዳ በዛብኝ። እዚሁ አንድ ምጣድ ጋግሪልኝ።"

ማሬድ እጅጌዋን ሰበሰበች። ዶሊና ዓይኗን ከጣቶቿ አልነቀለችም። ማሬድ ስኳር ጨመረች። እንቁላል ጨመረች። በመጨረሻ አንድ እፍኝ ዘቢብ በተነችበት።

"ሁልጊዜ ዘቢብ ታደርጊበታለሽ?"

"ያለ ዘቢብማ ምኑን ስኮን ሆነ፣ እትዬ?"

ስም የለሹ ስኮን አንድም ዘቢብ አልነበረበትም፤ ዶሊና ልትስማት ምንም አልቀራት። ወዲያው ግን ነገሩ ባሰባት። ትናንት አንዲት ሴት ነበር የምትጠረጥረው፤ አሁን አገሩ በሙሉ። ሰማንያ ዓመት ያለፋትን የቄሱን እናት እንኳ አልማረቻትም፤ ሻይ ስትቀዳላት ጥፍሯ ሥር ዱቄት ፈለገች።

"ነገ ሣጥኑ ሲወጣ አልሸኘውም" አለቻት ሹናግን።

"አብደሻል? ሚስት እስከ ድልድዩ ካልሸኘች አገር ምን ይላል?"

"ማን ስትጋግርለት እንደኖረች ሳላውቅ አንድ እርምጃ አልራመድም። ያቺው ትሸኘው።"

ሦስተኛው ቀን ጠዋት የምድጃውን ብረት መቆስቆሻ ጨብጣ ከጓሮው በር ጀርባ ቆመች። ኮቴ ሰማች። በሩን በረገደችው።

ኢቫንደር ነበር፤ ከረግረጉ ዳር ብቻውን የሚኖረው፣ ሃያ ዓመት የሰው ደፍ ያልረገጠ ሽማግሌ ወንደላጤ። ሳህን በሁለት እጁ ይዞ ድርቅ ብሎ ቀረ።

"ማን ላከችህ?"

"ማንም።"

"ኢቫንደር፣ ዛሬ እንዳትዋሸኝ። የማን እጅ ነው?"

ሽማግሌው ቦት ጫማውን አየ። "የፊንሌ።"

"ፊንሌ ሞቷል!"

"እሱማ ሞቷል። ማክሰኞ ማክሰኞ እኔ ቤት እየመጣ ይጋግር ነበር። የተረፈውን ፍሪዘሬ ውስጥ እናስቀምጥ ነበር። ለራሱ ለቅሶ ይሁን ብዬ አመጣሁት። እስከ ትናንት ምድጃ ዳር እያሟሟሁ ነበር፤ ዛሬ ሰዓት ቀደመኝ።"

ዶሊና ነካችው። በረዶ።

"ቤቱ ስኮን ሞልቶ?"

"እንዳትቆጪ።"

"ተናገር!"

"ያንቺው ይጠነክራል። አንዱን ለጀልባዬ መልሕቅ አድርጌዋለሁ ይል ነበር። አንዱን የዋጠች የባሕር ወፍም መብረር ትታ በእግሯ ነው የምትሄደው አለኝ።"

"ሠላሳ አንድ ዓመት! አንድ ቀን እንኳ አይነግረኝም?"

"ንገራት ብዬው ነበር። 'ሊጡ እጅ ሲበዛበት ነው የሚጠነክረው' አለኝ። 'ዶሊና ደግሞ እያሸች ትዘምራለች፤ ከዳዊት ረጅሙን መርጣ። ሳትጨርስ እጇን አታነሳም። ብነግራት ዝማሬውን ታሳጥርብኛለች፤ ከዚያስ ጥርሴ ቢረግፍ ይሻለኛል።'"

ዶሊና ፊቱን መረመረችው። ይሄም ከፊንሌ ውሸቶች አንዱ ይሆን? ግን ኢቫንደር ውሸት የሚችል ሰው አይደለም።

"ሌላ አለ?"

"ይኸው ነው። የመጨረሻው።"

ሳሎን ወንዶቹ ሣጥኑን ሊያነሱ በሁለት ረድፍ ቆመዋል። ሹናግ ጥቁር ሻሽ ይዛ መጣች፤ ልትሰጣት ግን ፈራች።

"ምን ወሰንሽ?"

ዶሊና ሻሹን ተቀብላ አሰረች። ከሳህኑ አንዱን ስኮን አንስታ በቀሚሷ አንገት በኩል ጡቷ መሃል ከተተችው።

መንገዱ ላይ ነፋሱ ከባሕሩ ይመጣ ነበር። ሸካሚዎቹ በየጥቂት እርምጃው ይቀያየራሉ፤ ዶሊና ትከተላለች። ብርዱ ደረቷን እንደ መርፌ ይወጋታል። አላወጣችውም።

ድልድዩ ጋ ሴቶቹ እንደ አገሩ ደንብ ቆሙ። ወንዶቹ ሣጥኑን ይዘው ቁልቁል ወደ መቃብሩ ወረዱ።

"ደረትሽን ምን ሆንሽ?" አለች ሹናግ። "ልብሽን አመመሽ?"

"ዝም በይ። እየሟሟ ነው።"

የመጨረሻው ሰው ባርኔጣ ከጉብታው ጀርባ እስኪሰወር እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች። ስኮኑ ከመዳፏ ሥር ለስልሷል። ዶሊና እንዳትጫነው ብላ እጇን አላላችው።