ባለ ስንት ነው?

ካዝ ብሮዳ ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል። ክሪስታ ከዉድዋርድ ጎዳና ወደ ዶናት ቤቱ ጓሮ የሚያስገባው የትራፊክ መብራት ጋ ስትታጠፍ መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው። ሠላሳ የሚያህል የቅዳሜው የመኪና ወዳጆች ማኅበር አባል አንገቱን አስግጎ የመኪናዋን ቀለም፣ የጎማዋን ስፋት፣ የኮፈኖዋን ጉብታ በዓይኑ ሲበላ፣ አባቷ ብቻ አገጩን ቀና አድርጎ እንደጨፈነ ነው። ሰባ አንድ ዓመቱ ቢሆንም አቋሙ አሁንም የሠራተኛ አቋም ነው። መኪና መጀመሪያ ይሰማል፣ ማየቱ በኋላም ይደርሳል ባይ ነው።

በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳትረግጥ እያስገመገመች፣ ወንበር ተነስቶ ወደተለቀቀላት ቦታ ቀስ ብላ ገባችና ሞተሩን አጠፋች። የጥቅምት ጠዋት ነው፤ የሰዉ ትንፋሽ እንደ ጭስ ይታያል።

«ወይ ጉድ! አዲሷ ሃቮክ በእግሯ መጣች!» አለች ዶና ሹልትዝ፣ የዶናት ካርቶኑን በሁለት እጇ እንደያዘች። ዶና የጥርስ ሐኪም ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ለማንም ጥርስ ደንታ የላትም።

ተነድታ፣ በእግሯ መምጣቷ ትልቅ ነገር ነው። በሎቤድ ከባድ መኪና ላይ ተጭኖ የሚመጣ መኪና እዚህ «ሙሽሪት» ይባላል፤ ባለቤቱም እስኪሄድ ድረስ እልል ሲሉበት ይውላሉ። ነድቶ የመጣም ቢሆን ወዲያው ኮፈኖ አይከፍትም። ሞቆ የመጣ ሞተር ሁለት ብርጭቆ ቢራ እንደቀመሰ እንግዳ ነው፤ ለሁሉም ይስቃል፣ ጉድለቱ አይታወቅም። ስለዚህ አጥፍቶ ይቀመጣል። ሦስት አባላት መዳፋቸውን ኮፈኖው ላይ ጭነው «ቀዝቅዟል» ሲሉ ብቻ ተከፍቶ ሞተሩ እንደቀዘቀዘ፣ ከብርዱ ይነሳል። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው የሚያስታውስ የለም፤ የሚጥሰው ግን ወዮለት።

ደግሞም እዚህ ጓሮ የሚቆመው ባለ ስምንት ሲሊንደር ብቻ ነው። ባለ ስድስቶች ከመንገዱ ማዶ፣ ልብስ ማጠቢያው ፊት ለፊት ያቆማሉ። ማዶ የተላከ መኪና ኮፈኖው አይከፈትም፣ ድምፁንም የሚሰማለት የለም። ሲገባ ባለ ስንት እንደሆነ የሚናገረው ካዝ ነው። በሞተር ፋብሪካ መፈተሻ ክፍል አርባ ዓመት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ስሙንም «ጆሮው» ብለውታል። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልተሳሳተም።

ክሪስታ ይህን ሁሉ እያወቀች ነው የመጣችው። ሃቮክ የተባለው መኪና መመረት ካቆመ ሃያ ዓመት አልፎት ነበር። ከዐሥር ቀን በፊት ኩባንያው አዲሱን ሞዴል በፎቶግራፍ ብቻ ብቅ አደረገና ስለ ሞተሩ ዝም አለ፤ ሰኞ ነው የሚያሳውቀው። እሷ የኩባንያው መሐንዲስ ናት፤ ሞተሩ የእሷ ነው። ስድስት ዓመት፣ ቅዳሜና እሑድ ሳትል፣ የለፋችበት ነው። እንዳትናገር ፈርማለች፤ ለአባቷ እንኳ አልተነፈሰችም። አለቃዋ ግን ለዚህ ጓሮ ዛሬውኑ እንድታሳይ ፈቅዶላታል። «እነሱ ሰምተው ከናቁት ይናቁት፤ ሳይሰሙት ግን እንዳይንቁት» ብሏታል። እሷም የምትፈልገው ይህንኑ ነበር፤ ከብርዱ ሲነሳ እንዲሰሙላት፣ አንዴ ብቻ።

«ካዝ፣ ድምፁ ለስለስ አለኝ» አለ ሜልቪን ታልበርት። ጡረታ የወጣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ቀይ መኪናውን ማንንም አያስነካም፣ በምላሱ ደግሞ ማንንም አይምርም። «ስድስት እንዳትሆን ብቻ! ከሆነች ከአሁኑ ማዶ ትሂድልን። እስክትቀዘቅዝ አራት ሰዓት ሙሉ ብርድ ላይ የምቀመጥላት እህቴ አይደለችም።»

ሁለት ሦስት ሰዎች ወንበራቸውን ማጠፍ ጀመሩ። ሁሉም ግን ካዝን ነው የሚያየው።

ካዝ ዓይኑን ገለጠ። መኪናዋን ከፊት እስከ ኋላ አየ፤ ከዚያ ልጁን አየ።

«ስምንት» አለ።

የታጠፉት ወንበሮች ተመልሰው ተዘረጉ። ክሪስታ ደስ ሊላት ሲገባ ደነገጠች። ሞተሩ ስድስት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት የግምት ሰዓት ሆነ። እነዚህ ሰዎች የተዘጋ ኮፈኖ ሲያዩ የሚይዛቸው አባዜ ሌላ ነው። አንዱ የጎማውን ስፋት በጫማው ለካ። ሌላው አስፋልቱ ላይ በሆዱ ተኝቶ ከሥር አጮለቀ፤ ጥቁር መከለያ እንጂ ምንም ስላላየ ሸሚዙን አቆሽሾ ተነሳ። ዶና የጭስ ማውጫውን ማርሚታ ጠጋ ብላ አሸተተችና «ነዳጅ አታባክንም» ብላ ፈረደች።

«ሰባት መቶ የፈረስ ጉልበት አላት፣ ሙት!» አለ በሆዱ የተኛው።

«አንተ ደግሞ! አምስት መቶ ካለፈች ኮፍያዬን በሰናፍጭ እበላለሁ» አለ ሜልቪን። ቀጥሎ በሩን ከፍቶ ዘጋ፤ እንደገና ከፍቶ ዘጋ። «በሩ ደህና ነው። ፊቷ ግን ምን አስቆጥቷት ነው? መብራቷ ጅራቷን የተረገጠች ድመት አስመስሏታል።»

ማዶ ያሉት ባለ ስድስቶች ሳይቀሩ እስከ እግረኛ መንገዱ ጠርዝ መጥተው ይንጠራራሉ። በሌላ ቀን ቢሆን ክሪስታ ይህን ሁሉ በልቧ እየጻፈች ትስቅ ነበር። አሁን ዓይኗ አባቷን ይከተላል። የትኛው ጆሮው ነው የከዳው፣ ግራው ነው ቀኙ? ከመቼ ጀምሮ? ልጅ ሳለች የመፍቻውን ጫፍ ከሞተሩ፣ እጀታውን ከጆሮዋ አስደግፎ «ቁጠሪ፣ ክሪሻ» ይላት ነበር፤ ብረቱ በአጥንቷ ውስጥ ሲመታ ይሰማት ነበር። ዛሬ ይህን ሙያ የያዘችው በዚያ መፍቻ ምክንያት ነው። ያ ጆሮ ስድስትን ስምንት ካለ አርጅቷል ማለት ነው፤ ኮፈኖው ሲከፈት ደግሞ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ እሱም ያውቃል።

አላስችል ሲላት ትኩስ የፖም ጭማቂ ይዛለት ከጓሮው ጥግ ጠጋችው።

«አባዬ፣ ስለ ጠዋቱ...»

«ፈርመሻል አይደል?»

«ፈርሜያለሁ፣ ግን...»

«እንግዲያው አፍሽን ያዢ። ፊርማ ፊርማ ነው» አላትና ጭማቂውን ተቀብሎ ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ያንን የፈረመችበትን ወረቀት ብታገኘው ቀድዳ በጣለችው ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ሦስቱ ተነሱ፤ ዶና፣ ሜልቪን፣ ካዝ። ኮፍያቸውን አወለቁ። መዳፎቹ በየተራ ኮፈኖው ላይ ዐረፉ።

«ቀዝቅዟል» አለች ዶና።

«እንደ ባለቤቴ እግር» አለ ሜልቪን።

ካዝ መዳፉን ትንሽ አቆየው። «ቀዝቅዟል።»

ክሪስታ ከፈተች። ሠላሳ ራስ በአንድ ጊዜ ጎነበሰ። መጀመሪያ ከንፈሮች ብቻ ሲቆጥሩ ታዩ። ከዚያ ሜልቪን ቀና አለና እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ።

«ስድስት! ስድስት ነው እኮ! ጎበዝ፣ ጆሮው ሞተ! ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?»

ጓሮው በሳቅ ፈነዳ። ሠላሳ አንድ ዓመት የታፈረ ሰው ሲሳሳት ማየት ለካ እንዲህ ያስቃል! አንዱ በካዝ ጆሮ ላይ አጨበጨበ፤ ሌላው «ይሰማሃል? ሃሎ!» አለው። ካዝ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ ቆሞ ቀረ። የክሪስታ ፊት እሳት ሆነ። ሁሉንም በቡጢ ማለት አማራት፤ ከሁሉም በፊት ግን ራሷን።

«በቃ፣ ማዶ ትሂድ!» አለ ሜልቪን።

«አትሄድም» አለች ዶና። «እጅ ጭነንባታል። እጅ የተጫነበት ሞተር ሳይነሳ ከዚህ ወጥቶ አያውቅም። ከፈለግህ ጆሮህን ድፈን።»

ሜልቪን አጉረመረመ፤ ሕግ ነውና ግን ተቀበለ።

ክሪስታ ገብታ ተቀመጠች። በመስታወቱ ከኮፈኖው በላይ የአባቷን አናት ብቻ ታያለች። የማስነሻውን ቁልፍ ተጫነች።

አስነሺው ሞተሪኖ ሁለት ዙር ገፋ። ሞተሩ አንዴ ሳለ፣ ያዘ፣ ጮኸ፤ ሊጠፋ ሲል ራሱን አነሳ። ከዚያ ቀስ በቀስ፣ ብረቱ ብርዱን እያራገፈ፣ ወደ ታች ወረደ። የስምንት ድምፅ አልነበረም፤ የለመዱት ስድስትም አልነበረም። ጎርነን ያለ፣ ያልተስተካከለ፣ አንድ ነገር ሊናገር አስቦ በየመሐሉ የሚተው ዓይነት ድምፅ ነው። ዶናት ያኝክ የነበረ ማኘኩን ተወ። ማዶ ያሉት መንገዱን ተሻግረው ጓሮው ውስጥ ሲገቡ ማንም ልብ አላላቸውም። ሜልቪን ወደ ኋላ ዞረና ማርሚታው አጠገብ በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ፤ የሹፌርነት ሥራ የጎዳው ጉልበት መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

ብዙ ሳይቆይ ተነስቶ በመስኮቷ በኩል መጣ። አይስቅም።

«አጥፊው» አላት።

ክሪስታ አጠፋች። «ሚስተር ሜልቪን፣ እባክዎ፣ ትንሽ ቢታገሱ...»

«አጥፊውና ይቀዝቅዝ። አነሳሱን እንደገና መስማት አለብኝ።»

«ሌላ አራት ሰዓት እኮ ነው!» አለች ዶና።

«ታዲያ የት እሄዳለሁ? ሰርግ አለብኝ እንዴ?» ወንበሩን ጎትቶ ከኮፈኖው ፊት ተከለና ተቀመጠ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተቀመጡ። አንድም ሰው ወደ ቤቱ አልሄደም።

ክሪስታ ስትወጣ አባቷ ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብሎ አገኘችው። ሰው እንዳይሰማቸው በሹክሹክታ ነው ያናገራት።

«አራተኛዋ ሲሊንደር ከሌሎቹ ቅንጣት ታህል ትዘገያለች። ሆን ብለሽ ነው?»

«ሆን ብዬ ነው። ያ የሚያመነታ ድምፅ የሚመጣው በሷ ነው።» ወዲያው ግራ ገባት። የአራተኛዋን መዘግየት በመሣሪያ እንጂ በጆሮ የለየው ሰው እስከ ዛሬ የለም። «አሁን ሲነሳ ሰምተህ ነው?»

«አይደለም። ጠዋት ነው፣ መብራቱ ጋ ስትታጠፊ።»

አራተኛዋን የለየ ስድስቱንም ቆጥሯል። ክሪስታ ኮፈኖውን ተደገፈች።

«አውቀህ ነው... አባዬ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ያፈራኸውን ስም!»

«ስድስት ብል ማዶ ይልኩሽ ነበር» አላት፤ የአየሩን ሁኔታ የሚነግራት ነው የሚመስለው። «አሁን ሰምተውታል፣ አይደል?»

«እነግራቸዋለሁ። አሁኑኑ ነው የምነግራቸው።»

«ተይ፣ ክሪሻ።» ክንዷን ያዝ አደረገ። «ሲስቁ አታያቸውም? ደስ ብሏቸዋል እኮ።»

«አንተ ጆሮው!» ጮኸ ሜልቪን ከወንበሩ። የአንዱን እጅ አምስት ጣት ከሌላው አውራ ጣት ጋር አጋጥሞ ከፍ አድርጓል። ሁሉም አፉን ለሳቅ አሰናድቶ ወደ ካዝ ዞሯል። «ና እስቲ ቁጠርልን፤ ይሄ ስንት ነው?»

ካዝ ኮፍያውን ራሱ ላይ ደፋ። ልጁን አንዴ አየና ወደ እነሱ ሄደ።

«ስምንት!» አላቸው።