ሁለት ብሎን

«ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከጦር ሰፈር መካኒክ ይዤ እመጣለሁ» አለ የቀበሌው ጓድ ደምሴ፣ የለቅሶውን ንፍሮ እያላመጠ። «ዝገት ከሆነ ዝገት ነው። አሻጥር ከሆነ ግን...» ሽጉጡን አመቻችቶ ተቀመጠ። «ታምሩ እኛ ጋ ነው። ታውቃላችሁ።»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ አቀረቀረ። ሙሉመቤት ብቻ ወደ ጓሮ አየች።

አባቷ ባህሩ ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። ወንድሟን ታምሩን ከቀብር መልስ ወሰዱት፤ አባትና ልጅ አብረው ነበር የሚሠሩት። ጓሮ የቀበሌዋ ፊያት የፊት ጎማዋ ወልቆ በድንጋይ ላይ ቆማለች። የፍሬኗ ዲስክ ተጣብቆ አልወጣ ካለ ይኸው ሦስት ሳምንት። ባህሩም ልቡ ቀጥ ያለችው እዚያው፣ እሷው ሥር ነው።

ያቺን መኪና መናኸሪያ አካባቢ የማያውቃት የለም። ሰው ትጭናለች። የጫነችውን አትመልስም።

ደምሴ ሲወጣ በሩ ላይ ጠባቂ አቆመ። «መኪናዋን ማንም እንዳይነካ!»

እሱ ዘወር ከማለቱ ሹክሹክታው ተጀመረ።

«ምስኪን ባህሩ፣ ሁለት ብሎን አቅቶት!» አለች ጎረቤታቸው ጸሐይወርቅ። «ልጁን አስበላው በቃ።»

«እጁ ደክሞ ነበር እኮ» አለች ሌላዋ።

ሙሉመቤት ጥርሷን ነከሰች። አባቷን ብሎን አያቅተውም። ልጅ ሆና ምሳ ስታደርስለት መዶሻ አስይዞ አስተምሯታል። «መጀመሪያ ምቺው» ይላት ነበር። «ካቻቢቴውን አስገቢና አናቱን በቀጥታ ምቺው። ይደንግጥ። የደነገጠ ዝገት ይለቃል። ከዚያ ጫን ብለሽ አዙሪው።» ከዲላ ድረስ እምቢ ያለ ብሎን ይመጣለት ነበር። ሦስት ምት። አራተኛ አያስፈልገውም።

ታዲያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምን ሆኖ ነው?

«መጣሁ» ብላ ተነሳች። በጓዳ በኩል ወጥታ መኪናዋ ሥር ተንበረከከች። ዲስኩን የያዙት ሁለት ብሎኖች በግራሶ ተለውሰዋል። በነጠላዋ ጠረገቻቸው።

ዝገት የለም። ሁለቱም አዲስ ናቸው። ካቻቢቴ የሚገባበት ስንጥቅ ግን ተሞርዶ ጠፍቷል፤ አናታቸው እንደ ሳንቲም ለስልሷል።

ትዝ አላት። ከሦስት ሳምንት በፊት ምሳ ይዛለት ስትመጣ አባቷ አዲስ ብሎን ሞርሳ ላይ አስሮ በሞረድ ይፍቅ ነበር።

«አባዬ፣ አዲሱን ብሎን ለምን ታበላሸዋለህ?»

«ምሳውን አስቀምጪና ሂጂ።»

ቀና ብሎም አላያት። በዋዜማው መኪናዋ የጸሐይወርቅን ባል ኃይለጊዮርጊስን ጭናው ሄዳ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ፍሬኗ ያዘና ባህሩ ጋ መጣች። ከዚያ ወዲህ ማንም አልተጫነም። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ አንድ ሰው እንኳ።

የነገው መካኒክ አንዴ ዝቅ ብሎ ካየ ግን ታምሩ አለቀለት።

ተነስታ መደርደሪያው ላይ ያለውን የወተት ጣሳ ዘረገፈችው። አባቷ የፈታውን ብሎን አይጥልም። የመኪናዋ አሮጌዎቹ እዚያው ነበሩ፤ ዝገት የበላቸው፣ አናታቸው የተፈረካከሰ። መሮና መዶሻ አነሳች። መሮውን የብሎኑ ጠርዝ ላይ ሰያፍ ደግና አንዴ መታች።

«ምንድነው እሱ?» አለ ጠባቂው ከበሩ።

ቀድማ የደረሰችው አክስቷ ካሰች ናት፣ የባህሩ እህት።

«አንቺ! አባትሽ አፈሩ ሳይደርቅ መዶሻ? ለቅሶ ቤት እኮ ነው! ሰው ምን ይለናል?»

«እትዬ፣ ይዩት። አባዬ ነው እንዳይፈታ ያደረገው። ነገ ካዩት ታምሩን አያስተርፉትም። በአሮጌዎቹ ልቀይራቸው ነው።»

ካሰች ብሎኑን አየች። በሩን አየች።

«ስንት ምት ነው የሚቀርሽ?»

«ስድስት። ቢበዛ ሰባት።»

ካሰች ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ወደ ድንኳኑ ተመለሰች። «ወንድሜ! ወንድሜን! እጀ ብረቱን!»

ድንኳኑ ተናጋ። ሴቶቹ ደረታቸውን ሲመቱ ሙሉመቤትም መታች። ካሰች «ወንድሜ!» ባለች ቁጥር እሷ መዶሻውን ታሳርፋለች። በአራተኛው የመጀመሪያው ብሎን ንቅንቅ አለ። ጠባቂው ኮፍያውን አውልቆ አቀርቅሯል። ሁለተኛው አስቸገራት፤ መሮው አንሸራቶ ጣቷን ላጠው። ድምፅ አላሰማችም። ሲወጣላት ዝገታሞቹን በፒንሳ አጥብቃ አሰረች፣ ግራሶ ቀባቻቸው፣ አፈር በተነችባቸው።

ገብታ ፍራሹ ላይ ስትቀመጥ የካሰች ድምፅ ተዘግቷል።

በማግስቱ መካኒኩ ጎንበስ አለ፣ በጥፍሩ ፋቅ አደረገ፣ ሳቀ። «ዝገት ነው ጓድ። ሽማግሌው ትራፓኖ አጥቶ ነው እንጂ።» በስቶ አወጣቸው። ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ተነስታ በራሷ ጎማ ሄደች።

ታምሩ ወደ ማምሻው በእግሩ መጣ፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ። ጸሐይወርቅ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

«አንተስ መጣህልን! ባህሩ ነፍሱን ይማረውና፣ ለሁለት ብሎን ብሎ ሊያስፈጅህ! አቅቶት ነው አይደል ሙሉዬ?»

ሙሉመቤት አየቻት። የኃይለጊዮርጊስን ሚስት። የነጠላዋ ጫፍ ላይ ሁለቱ የተሞረዱ ብሎኖች ተቋጥረው ከብደዋል።

«አዎ» አለች። «አቅቶት ነው።»

ቋጠሮውን በተላጠው ጣቷ ጠበቅ አደረገችው።