ስድስት ሹራብ በመስኮት ብርሃን

ቅዳሜ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ነገሩ እንዲህ ነበር። እህቴ በእጇ የሠራቻቸው ስድስት ሹራቦች ታጥበውና ደርቀው በወንበሮች መደገፊያ ላይ ተዘርግተዋል። ፎቶግራፋቸው እስከ አስራ አንድ ሰዓት ለእጅ ሥራ አውደ ርዕይ አዘጋጆች መላክ አለበት። የክሩ ቀለበት አንድ በአንድ የማይቆጠርበት ፎቶ ይወድቃል፤ ከስድስቱ አምስቱ ካላለፉ ቦታ አይሰጣትም። ሁለት ዓመት የለፋችው ለዚህ ቦታ ነው። ከተገዛ አስራ ሁለት ቀን የሆነው ካሜራ ደግሞ በባሏ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል።

ባሏ ካሜራውን ምሳ ሲበላም አያወልቀውም። የመመሪያውን መጽሐፍ ግን ከነላስቲኩ አስቀምጦታል። "መመሪያ ለማያውቅ ሰው ነው" ይላል። እኔም "ታዲያ ላንተ ነዋ" ልለው ብዬ ተውኩት።

እስከዚያ ሰዓት ሠላሳ አንድ ፎቶ አንስቷል። አንዱን አጉልቼ አየሁት። ቀዩ ሹራብ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት።

"ጥበብ ነው፣ እትዬ ላብራቶሪ።" የውሃ ምርመራ ክፍል ስለምሠራ ያወጣልኝ ስም ነው።

"ስክሪኑ ላይ ያለውን ይሄን ቁጥር የት አድርሰኸው ነው ያነሳኸው?"

"መጨረሻው ላይ። ሃያ አምስት ሺህ እያለው በመቶ የሚያነሳ ምን ዓይነት ሰው ነው?"

እህቴ ጥፍሯን እየነከሰች፣ "እባካችሁ፣ ሰዓቱ" አለች።

ካሜራውን ከአንገቱ ላይ አወለቅኩት። መመሪያውን ከላስቲኩ አውጥቼ ሃያ ደቂቃ አነበብኩ። ነገሩ ሦስት ነው፤ በአንገት አንጠልጥለው የሚንጎራደዱበት አይደለም። ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ስፋት፣ መዝጊያው ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ፣ ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት፣ ማለትም እሱ ሃያ አምስት ሺህ ያደረሰው ቁጥር። ንቃቱ ከመጠን ሲያልፍ ምስሉ አሸዋ ይሆናል። ሰውየው አስራ ሁለት ቀን ሙሉ አሸዋ ሲያነሳ ከርሟል።

ንቃቱን ወደ ሁለት መቶ አወረድኩት። አምፖሉን አጥፍቼ ቀዩን ሹራብ ከመስኮቱ አንድ ሜትር ላይ አስቀመጥኩ። በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየቀየርኩና ወረቀት ላይ እየጻፍኩ ሰባት ጊዜ አነሳሁ። በሰባተኛው ቀለበቶቹ ተቆጠሩ።

"ይሄ የመታወቂያ ፎቶ ነው የሚመስለው" አለ ባሏ ከኋላዬ።

"ያንተማ ጉም ነው የሚመስለው።"

እስከ አስር ሰዓት አራት ሹራቦች አለቁ። እያንዳንዱን ፎቶ አጉልቼ፣ ቀለበቱን ቆጥሬ አሳለፍኩ። ጥቁሩና ግራጫው ሲቀሩ ሰማዩ ደመነ። ደመናው እስኪያልፍ ጠበቅኩ፤ አላለፈም። መዝጊያው የሰከንድ አንድ አስራ አምስተኛ ያህል ተከፍቶ እንዲቆይ ማድረግ ግድ ሆነ።

ባሏ ከመኝታ ቤት ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ይዞ መጣ።

"እትዬ፣ እዚህ ላይ እሰሪው። ብርሃን ሲያንስ እጅ ይንቀሳቀሳል ብሎኛል የሸጠልኝ ሰውዬ።"

"ያንተ እጅ ይሆናል። እኔ አስራ አራት ዓመት ጠብታ ስቆጥር የኖርኩ ነኝ።"

"ላቁመው ብቻ፤ ምን ይጎዳል?"

"ከብርሃኑ ዞር በልልኝ።"

"እስቲ ይሁንለት" አለች እህቴ በቀስታ። አልሰማሁም ማለት አልችልም፤ ሰምቻለሁ። ከሠላሳ አንድ ፎቶ አንድ እንኳ የሚረባ ያላወጣ ሰው እንዲያስተምረኝ አልፈለግኩም።

ሁለቱን በእጄ ይዤ አነሳሁ። በካሜራው ትንሽ ስክሪን ላይ ጥርት ብለው ታዩኝ። ለአስራ አንድ ሰዓት ስድስት ደቂቃ ብቻ ቀርቶ ስለነበር ሳላጎላቸው ላክኳቸው።

መልሱ ማክሰኞ መጣ። ባሏ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ጀመረና መሀል ላይ ስልኩን ወደ እህቴ ዘረጋ። ይሳለቅብኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ወደ እኔ እንኳ አላየም። እህቴ ስልኩን ተቀብላ ራሷ ጨረሰችው። ከዚያ ተነስታ ሹራቦቹን አንድ በአንድ ማጣጠፍ ጀመረች።

ጥቁሩንና ግራጫውን ኮምፒውተር ላይ አጉልቼ አየኋቸው። በሁለቱም ላይ እያንዳንዱ ክር ጥንድ ሆኖ ይታያል። አምስት ያስፈልጋት ነበር፤ ያለፉት አራት ናቸው።