የማናየሽ ፈረስ

ማናየሽ ቀራፂ ናት። ከዳንግላ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ተወልዳ፣ ሥነ ጥበብ አዲስ አበባ ተምራ፣ ከተመረቀችም በኋላ እዚያው ቀረች። መቅረት ከተባለ። በአንድ ቤት ሁለት ክረምት አሳልፋ አታውቅም። በእንጨት ጀመረች፤ እንጨቱ እሺ ሲላት ሰለቻትና ወደ ቁርጥራጭ ብረት ሄደች። ብረቱን ሰው ሲወድላት እሱንም ተወችው። ትርኢት አሳይታለች፤ አንድ ሥራዋ የሆቴል ግቢ ውስጥ ቆሟል፤ ሌላውን የውጭ ሰው ገዝቶ ወስዶታል። ሥራ ሲጠፋ እጇን ይበላታል፤ ሥራ ሲገኝ ደግሞ እግሯን። አግብታም ነበር። ባሏ "ካንቺ ጋር መኖር መናኸሪያ ውስጥ እንደማደር ነው" አላትና ሳይጣሉ ተለያዩ።

አንድ ቀን ከእንጅባራ ስልክ ተደወለላት። ደዋዩ አቶ አስቻለው የሚባሉ የእህል ነጋዴ ነበሩ። ጥቂት ነጋዴዎችና ሽማግሌዎች ሆነው ለከተማዋ የፈረሰኛ ሐውልት ለማቆም ኮሚቴ አቋቁመዋል።

"የራሳችን ልጅ እያለች ለሌላ አንሰጥም ብለን ነው" አሏት።

ተናግረው ሳይጨርሱ "እሺ፣ እመጣለሁ" አለች።

ቆሰበር ላይ፣ እዚያው እንጅባራ ማለት ነው፣ የድሮ የእህል መጋዘን ተከራየች። ብየዳውን እንዲሠራላት ዮናዳብ የሚባል የዳንግላ በያጅ አገኘች። ዮናዳብ ጋራዥ ያለው፣ የጴንጤ ዘማሪ፣ ብረት ሲበይድ መዝሙር የሚያንጎራጉር ጎልማሳ ነው። የሸክላ አፈሩን ራሷ መርጣ አስመጣች።

የሸክላ አፈር ለማናየሽ ተራ ነገር አይደለም። እናቷ እታለማሁ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሸክላ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። አገሩ ጋኑንና ማሰሮውን ከሳቸው ይገዛል እንጂ ቤታቸው ገብቶ እህል አይቀምስም፤ ከዘራቸው አይጋባም። ገበያ ውስጥ ሲያልፉ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። ቡዳ ናቸው ይባላላ። ስለዚህ እናቷ ልጃቸውን ጭቃ አላስነኳትም። "ያንቺ እጅ እስክሪብቶ ይያዝ" እያሉ ትምህርት ቤት ሰደዷት። ኋላ ቅርፃ ቅርፅ ልትማር መሆኑን ስትነግራቸው ግን አፋቸውን ይዘው ቀሩ።

"ጭቃ ለማቡካት ነው አዲስ አበባ ድረስ የምትሄጂው? ጭቃውማ እዚህ ጓሮ አለልሽ!"

ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራዋ ጠይቀዋት አያውቁም። ጎረቤት ሲጠይቃቸው "የመንግሥት ሥራ ላይ ናት" ይላሉ።

ኮሚቴው የሚፈልገውን በሥዕል አሳይቷታል፦ በኋላ እግሮቹ የቆመ ፈረስ፣ ላዩ ላይ ጦር የሰበቀ ፈረሰኛ። ማናየሽ ትንንሽ ናሙናዎች ሠራች። ሠርታ አፈረሰቻቸው። ቆርቆሮውን ዝናብ ሲደበድበው መጋዘኑ ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰች "ይሄ ፈረስ አይደለም፤ ውሸት ነው" ትላለች። ዮናዳብ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ ያያታል።

"ቁጭ ብለሽ ብታስቢውስ፣ እህቴ?"

"ቁጭ ብዬ አስቤ አላውቅም።"

ጊዜ ባገኘች ቁጥር በሚኒባስ ዳንግላ ትሄድ ጀመር። እዚያ የጋሪ ፈረሶች መቆሚያ አለ። የአንዱን ጥርስ፣ የሌላውን ሰኮና ስታይ ሰንብታ ዓይኗ አንዱ ላይ አረፈ። ዳማ ፈረስ ነው፤ ስሙም ዳማ። ባለቤቱ ሀብቱ የሚባሉ ዝምተኛ ሰውዬ ናቸው። ዳማ ዝናብ እየመታው አንድ የኋላ እግሩን አሳርፎ ይቆማል፤ የጌታው ድምፅ ሲሰማ ግን ጆሮው ቀድሞ ይዞራል፣ ከዚያ አንገቱ፣ ከዚያ ቆዳው ሁሉ። ቆሞ ሳለ የሚሄድ ይመስላል። ማናየሽ ይህን ስታይ ደብተሯን አወጣች። ለሳምንታት ሣለችው። የጎን አጥንቱን በእጇ ዳሰሰች። ሀብቱ ተገርመው ያዩዋታል እንጂ አልከለከሏትም።

ከዚያ በኋላ ሥራው ፈጠነ። ዮናዳብ ፌሮውን አጥፎ አጥንት አደረገው፤ እሷ ከቀርከሃ መወጣጫው ላይ ሆና ሥጋውን በጭቃ አለበሰችው። የኮሚቴው ሰዎች መጥተው ዞር ዞር ብለው አዩት። አራት እግሩ መሬት ላይ ነው። አንገቱን ወደ አንድ ድምፅ ያዞረ፣ ሊነቃነቅ ያለ ፈረስ።

"ፈረሰኛውስ?" አሉ አቶ አስቻለው።

"ይመጣል" አለች። እንደማይመጣ ግን ያን ጊዜም ሳትጠረጥር አልቀረችም።

በዚያው ሰሞን ዳማ ሞተ። ጠዋት ተጠምዶ ወጥቶ፣ እኩለ ቀን ላይ ሆዱን እያየ ተኛ፤ ሳይነሣ ቀረ። ሀብቱ ሬሳው አጠገብ ቆመው ሳሉ አንዱ ባለጋሪ "ያቺ የምትሥለው ሴት የማን ልጅ እንደሆነች ታውቃለህ?" አላቸው። ነገራቸው። በማግስቱ ወሬው ዳንግላን ሞላ፤ ውሎ ሳያድር ቆሰበር ገባ። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ፈረሱን በላችው። ዓይኗን ተክላበት አልነበር? ጎኑን በእጇ ዳስሳ የለ?

አቶ አስቻለው ባጃጅ ይዘው ወደ መጋዘኑ መጡ። አልገቡም፤ በሩ ላይ ቆሙ።

"እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም" አሉ። "ኮሚቴው ግን ወሬው እስኪበርድ ሥራው ይቁም ብሏል።"

"ወሬው ካልበረደስ?"

"ይበርዳል። አንቺ እንደሆንሽ የተማርሽ ልጅ ነሽ።"

"ካላመኑ ለምን አይገቡም፣ ጋሼ አስቻለው?"

ሰውዬው ወደ ውስጥ አየት አድርገው "ጫማዬ ጭቃ ነው" አሉ። መጋዘኑ ውስጥ ከጭቃ በቀር ሌላ ነገር እንደሌለ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ማናየሽ ያን ቀን ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ጠቀጠቀች። ዮናዳብ ጭቃው እንዳይደርቅ ፈረሱን በእርጥብ ጆንያ መሸፈን ያዘ።

"ተወው፣ ይሰንጠቅ" አለችው።

"ስትሄጂ እተወዋለሁ። አሁን ገና አልሄድሽም።"

በሚኒባስ ወጣችና እናቷን ለመሰናበት ዳንግላ ወርዳ መንደራቸው ገባች። እናቷ በራቸው ላይ ተቀምጠው ድንች ይልጣሉ። ሻንጣውን አዩ፤ ፊቷን አዩ።

"ፈረስ በላሽ አሉ።"

"እማ! አንቺም?"

"እኔማ ስንቱን በልቻለሁ!" አሉ ቢላዋውን እያወዛወዙ። "የመምሬን በቅሎ፣ የእነ ስማቸውን ጥጃ፣ አንዲት ሙሽራ ሳትቀር በልተሻል ተብያለሁ። ይህን ሁሉ በልቼ እንዲህ መክሳቴ አይገርምሽም?"

ማናየሽ ሳታስበው ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረባት። እናቷ ድንቻቸውን መላጥ ቀጠሉ።

"የት ልትሄጂ ነው?"

"አዲስ አበባ። ከዚያ እንጃ።"

"እኔ ገበያ በዋለ ቁጥር ወጥቻለሁ። መሬት መሬቱን እያየሁ ነው፤ ግን ወጥቻለሁ። ጋኖቼን መሃል ገበያ አስቀምጬ ቁጭ ብያለሁ። አንቺን ያስተማርኩሽ ቀና ብለሽ እንድትሄጂ እንጂ እንድትሮጪ አልነበረም።" ድንቹን ውኃው ውስጥ ጣሉት። "ደግሞስ፣ ሰውየውን ለቅሶ ደርሰሽዋል?"

"ማንን?"

"ፈረስ የሞተበትን። አንቺ ስለ ስምሽ ታለቅሻለሽ፤ እሱ እንጀራው ነው የሞተበት።"

ይህን ማናየሽ አላሰበችውም ነበር። ስለ ወሬው ስትናደድ፣ ስለ ኮሚቴው ስትናደድ፣ ያን የነካችውን ሙቅ ጎን ረስታዋለች። ሻንጣዋን እናቷ ቤት ትታ ወደ ሀብቱ ሰፈር ሄደች።

የሀብቱ ጋሪ ግቢው ውስጥ ሁለት እንጨቶቹን ወደ ሰማይ ቀስሮ ቆሟል። ልጓሙ አጥሩ ላይ ተሰቅሏል። ሚስታቸው፣ ሸጋ የሚሏት፣ ማናየሽን ስታይ አንዲት ሕፃን አንሥታ ወደ ውስጥ ገባች። ሀብቱ ከድንጋዩ ላይ አልተነሡም።

"እግዜር ያጽናዎት፣ አያ ሀብቱ" አለች።

"ለፈረስም ለቅሶ ይደረሳል እንዴ?" አሉ ሰውዬው።

"ለዳማ ይደረሳል።"

ወደተሰቀለው ልጓም አዩ። "የከብት ሐኪሙ ሆዱን ከፍቶ አሳይቶኛል። ፌስታል ነው። ከገበያ ጥራጊ የለቀመው ፌስታል። በዓይኔ አየሁት።" ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔ ግን ሰው ነኝ፤ ፌስታል ላይ መናደድ አቃተኝ። ጥፋቱን አንቺ ላይ ሲያመጡልኝ ቀለለኝ፤ ዝም አልኩ።"

ማናየሽ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች። ከበሩ ውስጥ ሸጋ፣ ሕፃኗን ታቅፋ፣ ታዳምጣለች።

"ሥለሽዋል አይደል?" አሉ ሀብቱ። "አሳዪኝ።"

"ሥዕሉን አላመጣሁም። ከሥዕሉ የሚበልጥ ግን አለ፤ ቆሰበር ነው ያለው።"

በማግስቱ አብረው ሄዱ። ዮናዳብ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ገፈፈ። ሀብቱ ኮፍያቸውን አወለቁ። ፈረሱን በግራ ዞሩት፣ በቀኝ ዞሩት፤ ከዚያ ፊት ለፊቱ ቆመው በአገውኛ አንድ ነገር አሉት፤ ጠዋት ጠዋት ሲጠምዱት የሚሉትን መሆን አለበት። የጭቃውን አፍንጫ በመዳፋቸው ያዙ። ዮናዳብ ፊቱን ወደ ብረቶቹ አዞረ።

ሊወጡ ሲሉ ወደ ማናየሽ ተመለሱ። "ሰው እንዳታወጪበት" አሏት። "ዕድሜውን ሙሉ ሲሸከም ነው የኖረው።"

ሀብቱ ዳንግላ ገብተው የፌስታሉን ነገር ለባለጋሪዎቹ ተናገሩ። ያመናቸው አመነ፤ ያላመናቸውም አለ። "አእምሯቸውን አዞረችባቸው" ያሉም አልጠፉም። ኮሚቴው ግን ወሬው ሲላላ ማናየሽን ጠራትና ሥራውን ቀጥዪ፣ ፈረሰኛውን ጨምሪበት አላት። ማናየሽ እንደማትጨምር ተናገረች። አቶ አስቻለው በሁለት እጃቸው ጭንቅላታቸውን ያዙ።

"ልጄ፣ ፈረሰኛ ብለን ነው ሕዝቡን የቀሰቀስነው! ባዶ ፈረስ ምን ብለን እናቆማለን?"

"እውነትዎን ነው። የተስማማነው ፈረሰኛ ነው። እኔ ነኝ የቀየርኩት።"

ያለ ጠብ ተለያዩ። ኮሚቴው ሥራውን ለሌላ ባለሙያ ሰጠ። ያ ፈረሰኛ ዛሬ ቆሟል፤ ሙሽሮች ፎቶ ይነሡበታል። ማናየሽም ሄዳ አይታው "ፊቱ ደህና ነው" ብላለች።

የእሷ ፈረስ ግን መጋዘን ውስጥ ቀረ። ክረምቱ እየገፋ፣ ጭቃው እየተሰነጠቀ፣ እሷ ስትለስነው እንደገና እየተሰነጠቀ ሰነበተ። በጠዋት እሄዳለሁ ትላለች፤ ወደ ማታ ስንጥቁን ስትደፍን ትገኛለች። በመጨረሻ ጥያቄው ከባለጋሪዎቹ መጣ፤ ሀብቱ ናቸው ያመጡት። መቆሚያችን ላይ ይቁምልን አሉ። ማናየሽና ዮናዳብ በጭቃው ላይ ጄሶ ለብጠው ልኩን አወጡ፤ በጄሶው ውስጥ ክፍል በክፍል ፌሮና ሲሚንቶ ሞሉ። ሲደርቅ ክፍሎቹን በአይሱዙ ጭነው ዳንግላ አወረዱትና እዚያው ገጣጠሙት። የቆመበት መደብ ዝቅ ያለ ነው፤ ሰው እጁን ዘርግቶ አፍንጫውን ይነካል።

መጀመሪያ ላይ ፈረሳቸውን ከሐውልቱ አርቀው የሚያቆሙ ባለጋሪዎች ነበሩ። ዛሬም አንዳንድ እናት ስታልፍ የልጇን ፊት ትሸፍናለች። ይህ ማናየሽን ያናድዳታል፤ አንዳንዴም ያባንናታል። አልሄደችም ግን። ከመቆሚያው ራቅ ብሎ አንድ ቤት ተከራየች።

እናቷ አንድ የገበያ ቀን መጡ። ጭነታቸውን አወረዱ። ፈረሱ ፊት ቆመው፣ ሰው እያያቸው፣ ቀና ብለው ከሰኮናው እስከ ጆሮው ተመለከቱት።

"አፈር ነው?" አሉ።

"ሲሚንቶ ነው።"

"መጀመሪያውስ?"

"መጀመሪያው አፈር ነበር፣ እማ።"

ጨውና ሽንኩርት ገዝተው ተመለሱ። አመሻሹ ላይ ግን ለጎረቤታቸው "ልጄ ቀራፂ ናት" ሲሉ መሰማታቸውን ሰዎች ለማናየሽ ነገሯት።

አሁን እናቷን ልትቀርፅ ጀምራለች። መጀመሪያ ስትጠይቃቸው ተቆጥተው ነበር።

"በቁሜ ሐውልት? ሳልሞት?"

"ሳትሞቺ ነው የምፈልገው።"

ጥቂት አሰቡና "ቁጭ ብዬ ነው ወይስ ቆሜ?" አሉ።

ቁጭ በይ ተባሉ፤ ተቀመጡም። ግን አልቻሉበትም። ድስቱን ሊያዩ ይነሣሉ፣ ደመና ሲያዩ እንጨት ሊያስገቡ ይነሣሉ፣ ጎመኑን ዶሮ ገባበት ብለው ይሮጣሉ። ማናየሽ መቀመጫውን ትታ ሲራመዱ ልትሠራቸው ወሰነች። እሳቸው ዶሮዎቹን እያባረሩ ጓሮ ሲገቡ፣ እሷ በእጇ ጭቃ እንደያዘች "ቀስ በይ፣ እማ፣ ትከሻሽን ልየው!" እያለች ከኋላ ከኋላቸው ትከተላለች።